ጋቢና ለወላድ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ኋላ ከሌላ ከምትሰሙት ራሴው ቀድሜ ልናገር። እናቴ «የሰው ልጅ ሲወለድ ቅቤ ያልሱታል፤ ይቺን ያላስናት ሚጥሚጣ ነው» ትላለች። ባሌ ደግሞ ዝምተኛ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር የእሱንም ድርሻ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህም ሲመቸን እየተሳሳቅን ኖረናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀልዱ አለቀብን። እሱ ትንሽ ቢናገር፣ እኔ ትንሽ ዝም ብል ኖሮ እያልኩ አስባለሁ፤ ማሰቡ ምን ሊረባኝ።

መኪናዋን የገዛናት አዲስ አበባ ሄደን ነው። ትንሽ ነጭ መኪና ናት፣ በሰው አገር አገልግላ የመጣች። ሻጩ አፉ ቅቤ ነበር። ሞተሩን አስነሳልን፣ በሩን ከፍቶ ዘጋልን፣ ከዚያ መጀመሪያ የመሪውን መሃል፣ ቀጥሎ በጋቢናው በኩል ያለውን ዳሽቦርድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ «እዚህ አንድ፣ እዚህ አንድ ኤርባግ አላት። አያድርስና ግጭት ቢመጣ እንኳ ትራስ ላይ ነው የምትወድቁት» አለን። ባሌ መጠየቅ አይወድም፤ ያን ቀን ግን «በምን ይታወቃል?» አለ። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞረው ከመሪው ኋላ ካሉት መብራቶች መካከል አንዲት ቀይ ምልክት በራች። የተቀመጠ ሰው ኳስ የታቀፈ ትመስላለች። ጥቂት ቆይታ ጠፋች። «በርታ ከጠፋች ጤነኛ ናት። በርታ ከቀረች ነው መፍራት» አለ። ይሄ እውነት ነው፤ ኋላ ያነጋገርኩት መካኒክም ያው ነው ያለኝ። ሰው ሲያታልል ሁሉንም አይዋሽም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባሌ ጠዋት ጠዋት ያቺን መብራት ሳያይ አይነሳም። ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይነዳል። እኔ ሰዓት ረፈደ እያልኩ ስነጫነጭ እሱ መብራቷን ይጠብቃል።

የእኔ ዓይን ሌላ ነገር ላይ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ የጠጣ ፀጉራም ጨርቅ ተለጥፎበታል፣ ውሻ ሲተኛበት የከረመ ነው የሚመስለው። አርባ ምንጭ በገባን በማግስቱ ቦጭቄ ጣልኩት። ከሥሩ፣ በጋቢናው በኩል፣ ፕላስቲኩ ላይ ረጅም ቀጭን መስመር አየሁ። ተሰንጥቆ በማጣበቂያ የተጋጠመ ነው፤ ላዩ ቀለም ተቀብቷል፣ ቀለሙም ከሌላው ትንሽ ጠቆር ይላል። ጣቴን አስኬድኩበት። ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፣ ጣቴን ከዳር እስከ ዳር አስኬድኩበት። ለባሌ ላሳየው አሰብኩና ተውኩት። ሰው አዲስ በገዛው ነገር ላይ እንከን ሲነገረው ደስ አይለውም፣ እኔም ዕድሜና ፀሐይ ያመጣው ነው ብዬ ዘጋሁት።

ከሸማኔ ዱንጉዛ ገዛሁ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰለፈበት፣ አባቶቻችን ለክብር ቀን ሱሪ የሚያሰፉበት የጋሞ ጨርቅ ነው። ለክቼ ቆረጥኩ፣ በእጄ ሰፋሁ፣ ዳር ዳሩን በማጣበቂያ አስያዝኩ። ስንጥቁ የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። የሥራ ባልደረቦቼ ከቢሮ ወጥተው አዩና «መኪናችሁ ሱሪ ታጠቀች» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እኔ ኮርቼ ነበር።

እህቴ በአሥር ዓመት ታንሰኛለች። አዝዬ ያሳደግኳት ናት፣ ስለዚህ ዛሬም ስናገራት እንደታዘለች ነው የምናገራት። ገረሴ ታስተምራለች፤ ባሏም እናታችንም እዚያው ናቸው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እኛ ወርዳ፣ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ከተገላገለች በኋላ እኔ ቤት አሥራ ሁለት ቀን ተኛች። ገንፎውንና አጥሚቱን፣ የሃለኮውን፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ዛፍ፣ ቅጠል ከነመረቁ፣ አልፈልግም ብትልም እያፈጠጥኩባት አበላኋት። ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶቻችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ፣ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እንኳን ጌታ ረዳሽ» እያሉ ገቡ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ልንወስዳት ተነሳን። ባሏ ቤቱን ሊያዘጋጅ ቀድሞ ወጥቷል።

ጠዋት ነው። መኪናዋ ደጃችን ላይ ቆማለች፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ ለእማዬ ከላንቴ መንደር ያስመጣሁት ሙዝ ሞልቶበታል። እህቴ ልጅቷን ታቅፋ ወጣችና የኋላውን በር ያዘች።

«እትዬ፣ እኔ ከኋላ ብሆን ይሻለኛል። ጋደም እላለሁ፣ ስፌቱም ገና አልዳነልኝም።»

«ከኋላ? ወላድ ከኋላ?» አልኳት።

በእኛ ዘንድ ጋቢና ክብር ነው። ሽማግሌ ካለ ሽማግሌ ይገባል፣ ወንጌላዊ ካለ ወንጌላዊ፣ አማት ካለች አማት። ወላድ ከመጣች ግን ሁሉም ይነሳላታል። በሕዝብ ማመላለሻ እንኳ ልጅ የታቀፈች እናት ስትመጣ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ሳይነገረው ይወርዳል፤ ካልወረደ ሰው ሁሉ ይሰድበዋል። እኔ ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር አስቤያለሁ። ገረሴ ገበያ መሃል ስናልፍ፣ ልጇን ታቅፋ ከፊት፣ ከዱንጉዛዬ ኋላ ተቀምጣ ሰው እንዲያያት ፈልጌአለሁ። ለእሷ ብዬ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። «እህቷ እንዴት አድርጋ አራሰቻት» እንዲባልልኝ ነው።

«ሰው ምን ይለናል?» አልኳት። «እማዬስ? እንደ ድንች ጆንያ ከኋላ ጭነው አመጧት ልትለን ነው። ግቢ ወደ ፊት።»

ባሌ ያኔ ነው የሹፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ በጋቢናው በኩል ያለውን የፀሐይ መከላከያ ወደ ታች የመለሰው። እዚያ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ የውጭ አገር ፊደል ነው፣ ሥዕሉ ግን ለማንም ይገባል። ሕፃን በልጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰርዞበታል።

«ይሄን አይተሽዋል?» አለኝ። «ልጅ እዚህ አይሁን የሚል ይመስለኛል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ አፍ ደግሞ መቼ በር ኖሮት። «የከለከሉት ወንበሩን ነው» አልኩ። «እኛ መቼ ወንበር አለን? ፈረንጅ ልጁን ወንበር ላይ አስሮ ነው የሚሄደው። እኛ የምናቅፈው በክንዳችን ነው። ከእናት ክንድ የሚበልጥ ወንበር ካለ አሳየኝ።»

ሊሸኙን የወጡት ጎረቤቶች ሳቁ። «እውነቷን ነው» አለች አንዷ። እህቴም ሳቀች፣ ያኔ ጥርሶቿ ሙሉ ነበሩ። ባሌ ፈገግ ብሎ መከላከያውን ወደ ቦታው መለሰው። እኔ እህቴን እጇን ይዤ ጋቢና አስገባኋት። ጡት ለማጥባት እንዲመቻት፣ ልጅቷንም እንዳይጫናት ብዬ፣ በደረቷ የሚያልፈውን ቀበቶ ራሴው ከጀርባዋ አሳለፍኩላት፤ ወገቧን ብቻ ያዛት። እግሯ እንዳይበርዳትም ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱንና የልጅቷን ልብስ የቋጠርንበትን ከእግሯ ሥር ጠቀጠቅኩላት። እኔ ከኋላ ገባሁ።

ሳንነሳ ጸለይን። ስለ ዳገቱ ነው የጸለይነው። ወደ ገረሴ መውጫው ጠመዝማዛ ነው፣ ጭጋግም አለው፣ ሁላችንም የምንፈራው እሱን ነበር። ስለ ሜዳው ማን ይጸልያል።

የኩልፎን ወንዝ ተሻግረን ብዙም አልሄድንም። ሙዝ የጫነ የአህያ ጋሪ ከአትክልቱ ውስጥ ወጥቶ አስፋልቱ መሃል ቆመ። ባለጋሪው ልጓሙን ሲስብ ይታየኛል፤ አህያው ግን ቆሞ ቀረ። ባሌ ፍሬን ያዘ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ከማንጎ ዛፍ ጋር ተላተመች። ሩጫችን ብዙ አልነበረም። ይሄን ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፣ እንደሚጠቅመኝ ሁሉ።

ድምፁ ጥይት ነው የሚመስለው። ጆሮዬ ጭው አለ። መኪናዋ ውስጥ ነጭ ብናኝ ሞላ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ «እሳት ተነሳ» አልኩ። ትከሻዬ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጋጭቶ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ብናኙ ሲቀንስ ባሌን አየሁት። ከመሪው መሃል ነጭ ከረጢት ወጥቶ፣ ነፋሱ እየተነፈሰ፣ ጭኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ቀልቷል፣ የመነጽሩ ስባሪ ቅንድቡን ቆርጦታል፤ ግን ቀና ብሎ ተቀምጦ ወደ ጎን ያያል። እኔም ወዳየበት አየሁ።

እህቴ ግንባሯን ዱንጉዛው ላይ ደፍታለች። ቀስ ብላ ቀና አለች። አፏ ሁሉ ደም ነው። ክንዶቿ እንደታቀፉ ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ማንም የለም።

የልጇን ስም ልትጠራ ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት። እኔ በወንበሮቹ መሃል ዘልዬ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ወንበሩ ላይ ፈለግኩ፣ በሩ ጋ ፈለግኩ፣ መስታወቱን አየሁ። ሞታለች ብዬ ነው የምፈልጋት፣ እውነቱን ልናገር፤ የምፈልገው ሬሳዋን ነበር። ከዚያ ከታች፣ ከእህቴ እግር ሥር፣ አንድ ነገር አስነጠሰ። ልጅቷ ከጭኗ ተንሸራታ በጋቢውና በልብሱ ቋጠሮ መካከል ወርዳለች። ዓይኗን ከፍታለች፣ ፊቷ ላይ ነጩ ብናኝ አለ። እንደገና አስነጠሰችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ባለጋሪው በሩን ገነጠለልን፣ ሦስታችንን ከነልጅቷ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱን። ሐኪሞቹ ልጅቷን አገላብጠው አዩ፤ ትከሻዋ ላይ ካለ ትንሽ በለዝ በቀር ምንም አልተገኘባትም። ባሌ እጆቹ ላይ ተላጧል፣ ደረቱን ለጥቂት ሳምንት አመመው፤ ሐኪሙ «መሪው ደረትህን ሊሰብረው ነበር፣ ከረጢቱ ነው የያዘህ» አለው። እህቴ የላይኞቹን አራት የፊት ጥርሶቿን አጣች። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታሰረ። እማዬ ከገረሴ ወርዳ ስታያት እህቴ መናገር አትችልም ነበር፤ ሁለቱ ተያይተው አለቀሱ፣ እማዬም ሰው የምታስታምምበት ጉልበት ስለሌላት እኔ ዘንድ ትታት ተመለሰች፤ ባሏም እየተመላለሰ ያያት ነበር። አንድ ወር ተኩል እህቴ ልጇን መሳም አልቻለችም። አፍንጫዋን የልጅቷ አንገት ውስጥ ትከትና ታሸታታለች።

እኔ ደግሞ ቆሽቴ አርሮ ነበር። በሻጩ ነዋ። የባሌ ተከፈተ፣ የእህቴ አልተከፈተም፤ ሁለት አላት ብሎ አይደል የሸጠልን። ስልኩን ደወልኩ፣ አይሠራም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እከሰዋለሁ፣ አስይዘዋለሁ፣ የእህቴን ጥርስ አስተፋዋለሁ» አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እንኳ ጸሎቴ መርገም ይሆንብኝ ነበር። ቁጣ ጥሩ ነገር ነው፣ የሚሄድበት ካለው።

ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ መኪናዋ ወዳለችበት ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ሸበቶ ሰው ናቸው፣ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ንግግር የማያበዙ። «ጋሼ፣ ይሄ ለምን እንዳልተከፈተ ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። በቢላ የዱንጉዛዬን ዳር ዳር ቆርጠው አነሱት። ያ መስመር ነበረ፣ እኔ ጣቴን ያስኬድኩበት። አዩትና «ይሄ አንዴ ተከፍቶ የተዘጋ ነው» አሉ። ክዳኑን ፈንቅለው አወጡት። ሳጥኑ ባዶ ነው። ውስጡ የታጠፈ የጆንያ ቁራጭ ተጠቅጥቆበታል፣ ሲነኩት እንዳይነዋወጥ ይመስለኛል። ሽቦው ላይ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታህል ነገር ታስራለች።

«ይቺ ለመኪናዋ የምትዋሽላት ናት» አሉኝ። «ኤርባጉ በቦታው አለ ትላታለች። መኪናዋም አምና መብራቷን ታጠፋለች።»

ባሌ በየጠዋቱ ራሱን የሚነቀንቅላት መብራት ትዝ አለችኝና ደሜ ፈላ። «አዩ አይደል? ይኸው! ሌባ! በዚህ ነው የምከሰው፣ እርስዎም ምስክር ይሆኑኛል» አልኩ።

እሳቸው ግን ሳጥኑን እያዩ «እዚህ የተቀመጠው ማን ነበር?» አሉኝ።

«እህቴ። ልጇን ታቅፋ።»

«የስንት ጊዜ ልጅ?»

«የአሥራ ሁለት ቀን።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። በርጩማ ሳቡና «ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ይሄ ነገር ትራስ የሚሆነው ከተነፋ በኋላ ነው። ሲወጣ ቡጢ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ወጥቶ ያበቃል። የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው፤ ቀበቶውን በደረቱ ላስያዘ፣ ወደ ኋላ ብሎ ለተቀመጠ። ባልሽን ያተረፈው እሱ ነው። እህትሽም ብቻዋን ብትሆን፣ ቀበቶዋንም በደንብ ብታስር፣ ይሄም በቦታው ቢኖር፣ ጥርሷ ባልረገፈ። ሕፃኗ ግን…» እጃቸውን በባዶው ሳጥን አፍና በወንበሩ መካከል፣ ልጅቷ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ አደረጉ። አልጨረሱትም።

ገብቶኛል፤ ግን ሰው አፍ አውጥቶ እንዲለው ፈለግኩ። «ሕፃኗ ምን?» አልኩ።

«ይሄ ተከፍቶ ቢሆን ዛሬ የምታለቅሽው ለጥርስ አልነበረም» አሉ። «ሌባው ሳያውቅ ልጅቷን አትርፏታል።»

የፀሐይ መከላከያውን አወረዱና ሥዕሉን አሳዩኝ። እኔም ያን ጠዋት ያልኩትን ነገርኳቸው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ እናት ክንድ፣ እንዴት እንደተሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ወንበሩን አይደለም የከለከሉት፣ ቦታውን ነው። ወንበር ላይ ታስሮ እንኳ እዚህ አይሁን ነው የሚሉሽ» አሉኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእኔ ነው። ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ ስንጥቁንም አይቼዋለሁ፣ አንዱን በቀልድ ሸፈንኩ፣ ሌላውን በዱንጉዛ።

ከጋራዡ የተቆረጠውን ጨርቄን ይዤ ወጣሁ። ደም ነክቶታል። እስከ ቤቴ በእግሬ ስሄድ ማንን እንደምረግም እየፈለግኩ ነበር። ሻጩን? የእህቴን ጥርስ የወሰደ እሱ ነው፣ ልጇን የሰጣትም እሱ ነው። ባሌን? እሱማ ተናግሮ ነበር። ሻጩ በሐቀኝነት ሸጦልን ቢሆን ኖሮ ልጅቷን የገደልኳት እኔ ነበርኩ፤ በክብር፣ እጇን ይዤ አስገብቼ። የዚያን ዓይነት ሐሳብ ሰው ውስጥ ሲገባ እህል አይወርድም። ለባሌ ነገርኩት። እሱም «እኔም ሥዕሉን መልሼ ነው የዘጋሁት» አለ። ለእህቴ ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ክሱን ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እላለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይደነቃሉ፣ እኔ ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ጠብ ኖሮ አያውቅምና። እህቴ ሽቦው ከተፈታላት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቆማ መሰከረች። ቃሉ በጥርሷ ክፍተት እያፏጨ «እህቴ አክብራኝ ጋቢና አስቀመጠችኝ፣ ጌታ ደግሞ ልጄን እግሬ ሥር ደበቀልኝ» አለች። ምእመናኑ አሜን አሉ፣ አንዳንዶቹም ዞረው እኔን በፍቅር አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቤት ስንገባ «ያን ሌባ ለምን ተውሽው? ጥርሴን የበላው እሱ አይደል?» ትለኛለች። ዝም እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም፣ ዝምታው ግን ከቁጣዬ ሁሉ የከፋ ነበር።

መኪናዋ ስትጠገን መካኒኩ የጋቢናው ኤርባግ ይገጠም ወይስ ባዶውን ይዘጋ ብለው ጠየቁን። እኔ «ይዘጋ፣ እንዲያ ያለ ነገር ዓይኔ አይየው» አልኩ። ባሌ ግን እንዲህ አለ፤ ከእሱ አፍ እንዲህ ረጅም ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፦ «እኔን ያዳነኝን አንቺን እንዳያድንሽ ለምን እንዘጋዋለን? ይገጠም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ትልቅ ሰው ከፊት ቀበቶውን አስሮ፣ ልጅ ከኋላ። ይኸው ነው ሕጉ።» እውነተኛው ተገጠመ። ሥዕሉ የሚለውንም በአማርኛ በእጁ ጽፎ ከሥሩ ለጠፈ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ዘመድ ያገለገለ የልጅ ወንበር ላከልን፣ ያንኑ በቀይ የተሰረዘውን ዓይነት። ከኋላ አሰርነው። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም አላለበስኩም።

ልጅቷ አራት ወር ሊሞላት ሲል እህቴን ወደ ቤቷ ልንወስዳት እንደገና ተነሳን። ያው ደጃችን ነው፣ ያው ጠዋት። እህቴ ልጇን ታቅፋ ወጣችና ማንም ሳይነግራት ወደ ፊተኛው በር ሄደች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እጀታውን ልትይዝ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

«ከኋላ ግቢ» አልኳት።

«ለምን?» አለች፣ ፈገግ ብላ። «ሰው ምን ይለናል?»

ያኔ ነው የተናገርኩት። መንገድ ላይ፣ በሩን ተደግፌ፣ ሁሉንም። ባዶውን ሳጥን፣ ጆንያውን፣ የሸፈንኩትን ስንጥቅ፣ መካኒኩ እጃቸውን ያደረጉበትን ቦታ። «ሻጩ ባይሰርቀን ልጅሽ የለችም ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ። ቀበቶውንም ከጀርባሽ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥርስሽም በእኔ ነው የሄደው።» እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትመታኝም ደስ ባለኝ።

ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች።

«ያን ቀን ከኋላ ልቀመጥ ብዬሽ ነበር» አለች።

የኋላውን በር ራሷ ከፈተች። ባሌ ልጅቷን ወንበሩ ላይ አሰረ፣ እህቴ ባንድ ወገኗ ተቀመጠች፣ እኔ በሌላው። ጋቢና ማንም አልገባም፤ ባሌ ለብቻው ከፊት፣ እንደ ኮንትራት ሹፌር ነዳን። ማንጎው ዛፍ ጋ ስንደርስ ልጣጩ የተነሳበት ነጭ ቦታ ይታያል። ዳገቱን ወጣን፣ ጭጋጉን አለፍን፣ እህቴ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ እኔ የልጅቷን እግር ይዤ ተቀምጫለሁ። ከአርባ ምንጭ እስከ ገረሴ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

እማዬ ከነጎረቤቶቿ ደጅ ወጥታ ትጠብቀናለች። መኪናዋ ስትቆም ሁሉም ወደ ጋቢናው ጎንበስ አሉ። እማዬ በሩን ከፈተች፤ ባዶ ወንበር። ወደ ኋላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። በጋሞኛ «ወላዷን ከኋላ የጫናት ማነው?» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነበር፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር የማደርገው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እህቴ ቀደመችኝ። ልጇን ከቀበቶው እየፈታች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

«እኔ ነኝ ከኋላ ልሁን ያልኩት፣ እማዬ» አለች። «ያን ጊዜም ያልኩት እኔ ነበርኩ።»

እማዬ የመጀመሪያውን ሰምታ ራሷን እየነቀነቀች ልጅቷን ተቀበለቻት። ሁለተኛውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።